መድን የሌላቸው ባለመኪናዎች ሲጋጩ የጥገናው ዋጋ የማን ዕዳ ነው?

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ ነበር። ይህ አነጋገር የሚያስረዳን፣ ሰው የሚያዝነው ስለ ገንዘቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ከእጁ ስለ ወጣበት መንገድ ጭምር መሆኑን ነው። በፍርድ የተሸነፈ ሰው በቅሎውን አስረክቦ፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ያለ ፍርድ የተቀማ ሰው ግን ስለ አንዲት ጭብጦ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። በዘመናችን በቅሎዋ በብዙ ቦታ መኪና ሆናለች። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው፣ መድን ያልገቡ ሁለት ባለመኪናዎች በመንገድ ላይ በተጋጩ ጊዜ የጥገናው ዋጋ የማን ዕዳ እንደሆነ፣ ዕዳውም በምን መንገድ እንደሚጠየቅ ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ እንሂድ። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ እንዲሁም ወደ ከላላና ወደ ወግዲ የተመላለሰ ሰው፣ ክረምት ሲሆን ጉሙ ዓይን እንደሚጋርድ፣ ጭቃው ጎማ እንደሚያንሸራትት፣ ኩርባውም ከወዲያ የሚመጣውን እንደማያሳይ ያውቃል። በገበያ ቀን ደግሞ ሰውና አህያ፣ የጭነት መኪናና ባጃጅ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። እንበልና ከላላ ከተማ የሚሠራ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ዕቁቡን ጨምሮ፣ የጎደለውን ከቁጠባ ማኅበር ተበድሮ፣ ለልጆቹ ማሳደጊያ መደጎሚያ ይሆነኛል ሲል አንዲት ባጃጅ ገዛ። ከዕለታት አንድ ቀን ባጃጇ በኩርባ ላይ ከአንድ የኢሱዙ ጭነት መኪና ጋር ተጋጨች። እግዚአብሔር ይመስገንና ሰው አልተጎዳም። የባጃጇ ፊት ግን ተጨፍልቋል፤ መስተዋቷ ረግፏል፤ መሪዋ ተጣሟል። የጭነት መኪናውም ፓራውልቱ ተቀጥቅጧል፤ የፊት መብራቱ ተሰብሯል። ወረቀታቸው ሲመረመር የአንዱ መድን ጊዜው አልፎበታል፤ ሌላው ከነጭራሹ አልገባም።

ከዚህ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለቱ ሹፌሮች ይጯጯኻሉ፤ መንገደኛው ይሰበሰባል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ይጠራል። ድምፁ የበረታው «ጥፋተኛው አንተ ነህ» ብሎ ሌላውን ያፍረዋል። ከዚያ ሁሉም መኪናውን ጎትቶ ወደየጋራዡ ይሄዳል። መለዋወጫው ብዙውን ጊዜ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ መምጣት ስላለበት ባጃጇ ለሳምንታት ቆማ ትሰነብታለች፤ የቁጠባ ማኅበሩ ዕዳ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ባለ ባጃጁም «ምን ላድርግ? ዕድሌ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም በቀል ያስባል። ሁለቱም መንገዶች መልካም አይደሉም። ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ሕግ አለና።

ሕጉ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። የሕጉ አርቃቂ የነበሩት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው ክፍል ውስጥ ስለ ሞተር ተሽከርካሪዎች ራሱን የቻለ ድንጋጌ ተጽፏል። መኪና በአገራችን እንደ ዛሬው ባልበዛበት፣ የመድን ግዴታም በሁሉም ባለመኪና ላይ ባልተጣለበት ዘመን የወጣ በመሆኑ፣ መድን የሌላቸው ሰዎች ጉዳይ በቀጥታ የሚዳኘው በዚሁ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 እንደሚለው፣ ሁለት ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች በተጋጩ ጊዜ ለአደጋው መድረስ ሁለቱም እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል። ከዚህም የተነሣ የያንዳንዱ ተሽከርካሪ ባለቤት በግጭቱ ከደረሰው ጠቅላላ ጉዳት እኩሌታውን ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው፣ አደጋው በሙሉ ወይም በአመዛኙ የደረሰው ከሁለቱ በአንደኛው ነጂ ጥፋት መሆኑ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «እኩል» ሲባል ሁሉም የየራሱን ያሠራል ማለት የሚመስላቸው አሉ፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የሚካፈለው ጠቅላላው ጉዳት ነው። በምሳሌያችን የባጃጇ ጥገና 70 000 ብር፣ የጭነት መኪናው ጥገና 30 000 ብር ቢሆን፣ ጠቅላላው ጉዳት 100 000 ብር ነው። እኩሌታው 50 000 ብር ይሆናል። ባለ ባጃጁ 70 000 ብር የሚያወጣ ስለሆነ ከድርሻው በላይ ያወጣውን 20 000 ብር ከባለ ጭነት መኪናው የመጠየቅ መብት አለው። ባለ ጭነት መኪናውም የራሱን 30 000 ብር አውጥቶ 20 000 ብር ሲጨምርበት እርሱም በ50 000 ብር ይቆማል። ስለዚህ የማንም ጥፋት ባይረጋገጥ እንኳ «የየራሳችንን እናሠራ» የሚለው ስምምነት ባለ ባጃጁን 20 000 ብር ያሳጣዋል። ይህን ሳያውቅ የተስማማ ሰው፣ ጭብጦው ያለ ፍርድ ሄደችበት ማለት አይደለምን?

ይሁን እንጂ ይኸው ስሌት በሌላው ፊቱ ሲገለበጥ አስደንጋጭ ነው። ያችው ባጃጅ የተጋጨችው ከአሮጌ ጭነት መኪና ጋር ሳይሆን ዋጋው ከፍ ካለ አዲስ አውቶሞቢል ጋር ነው እንበል። የባጃጇ ጥገና 20 000 ብር፣ የአውቶሞቢሉ ጥገና ደግሞ 180 000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 200 000 ብር፣ እኩሌታውም 100 000 ብር ይሆናል። ባለ ባጃጁ የራሱን 20 000 ብር ካወጣ በኋላ ለባለ አውቶሞቢሉ 80 000 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ሹፌሩ በቀኙ ጠርዙን ይዞ፣ ቀስ ብሎ ይሄድ የነበረ ቢሆንም እንኳ፣ ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከሌለው ግምቱ በእርሱም ላይ ይጸናል። የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ሊናጋ የሚችለው እንግዲህ በዚህ ነው።

«ይህ እንዴት ፍትሕ ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሕግ አውጪው ግን ያሰበበት ምክንያት አለው። በመኪና መገልገል ለባለቤቱ ጥቅም፣ ለሌላው ሥጋት ነው። ሁለት ሥጋቶች በተገናኙ ጊዜ፣ እውነቱን የሚናገር ማስረጃ ካልተገኘ፣ ዳኛው ጉዳቱን በአንዱ ጫንቃ ላይ ከሚጥለው ይልቅ ለሁለቱ ቢያካፍለው ይሻላል። እኩሌታው የመጨረሻ ፍርድ ሳይሆን ማስረጃ በጠፋበት ቦታ የተተከለ ምሰሶ ነው። ማስረጃ ያለው ሰው ምሰሶውን ነቅሎ ሙሉ ካሣ ይጠይቃል፤ የሌለው ግን በዚያው ይታሰራል።

እንግዲህ ጥፋት የሚባለው ምንድን ነው? የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2035፣ በሕግ ወይም በደንብ በግልጽ የተጻፈውን ድንጋጌ የጣሰ ሰው ጥፋት እንዳደረገ ይቈጠራል ይላል፤ ሕጉን አላውቅም ማለትም ምክንያት አይሆንም። በአገራችን ቀኝ ይዞ መንዳት የተጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። ቀኙን ትቶ ወደ ግራ የገባ፣ ከፊት የሚመጣው በማይታይበት ኩርባ ላይ የቀደመ፣ በሌሊት ያለ መብራት የነዳ፣ መጠጥ ጠጥቶ መሪ የያዘ ሰው ጥፋቱ ከደንቡ ጋር ሲነጻጸር ይታወቃል። በዚህ ረገድ የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቈጣጠሪያ ደንብ የሁሉም ነጂ መመሪያ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ጥፋቱ ለአደጋው ምክንያት የሆነ መሆን አለበት። መድን አለመግባት ራሱን የቻለ የሚያስቀጣ ጥፋት ቢሆንም፣ በቀኙ ሲሄድ የተገጨን ሰው ገጪ አያደርገውም። ስለዚህ «መድን ስለሌለኝ መጠየቅ አልችልም» ብሎ መብቱን የሚተው ሰው በከንቱ ይጎዳል።

ማስረጃ ማቅረብ የጠያቂው ሸክም ነው። ማስረጃው የሚገኘው ደግሞ ከወራት በኋላ በችሎት ፊት ሳይሆን አደጋው በደረሰበት የመጀመሪያ ሰዓት ነው። በደጋ አገር ዝናቡ የጎማውን ፈለግ ለማጥፋት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ገበያተኛውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደየቀየው ይበተናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የተጎዳ ሰው ካለ መርዳት፣ ቀጥሎም ለትራፊክ ፖሊስ ማስታወቅና እስኪደርስ ድረስ መኪናዎቹን ከቆሙበት አለማንቀሳቀስ ይገባል። በዛሬው ጊዜ በየኪሱ ስልክ ያልያዘ የለምና፣ መኪናዎቹ የቆሙበትን ስፍራ፣ የጎማውን ምልክት፣ የረገፈውን መስተዋት፣ የመንገዱን ጠርዝና የሁለቱን ታርጋ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ያዩትን ሰዎች ስምና መኖሪያ፣ ስልክ ቁጥራቸውንም መጻፍ ያስፈልጋል። ምስክር ሲመረጥ የወገኑ ተሳፋሪ ከሚሆን ይልቅ ለማንም የማያዳላ መንገደኛ ቢሆን ይመረጣል።

የትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ መንገዱን ለክቶ የአደጋውን ፕላን ያነሣል፤ የሁለቱንም ወገን ቃል ይቀበላል። ይህ ፕላን በኋላ ዳኛው ያላየውን መንገድ የሚያይበት ዓይን ነውና፣ ሲነሣ ቆሞ መመልከት፣ የተዘነጋ ነገር ቢኖርም በትሕትና ማመልከት የባለቤቱ ፈንታ ነው። ቃል ሲሰጥም ያዩትን ብቻ መናገር ነው። በወሎ ሰው ዘንድ «አፉ በለኝ» መባባል የተለመደ መልካም ጠባይ ነው፤ የደነገጠን ሰው ማጽናናትም ነውር የለበትም። ሆኖም ግርግሩን ለመገላገል ሲሉ ያላደረጉትን ጥፋት «አድርጌአለሁ» ብሎ መፈረም ከጨዋነት የሚቈጠር አይደለም፤ በራስ ላይ መመስከር ነው።

ብዙ ሰው ፖሊስ ጥፋተኛውን ከቀጣ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ቅጣትና ካሣ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነጂው ስለ ደንብ መተላለፍ የሚከፍለው መቀጫ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል እንጂ ለተሰበረችው ባጃጅ አንድ ብሎን እንኳ አይገዛም። ካሣውን ባለንብረቱ ራሱ መጠየቅ አለበት። እንዲሁም ነጂው በወንጀል ተከሶ በነጻ ቢለቀቅ የካሣው ነገር ተዘጋ ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 እንደሚያመለክተው፣ ካሣ የሚጠየቅበት ፍርድ ቤት ጥፋት መኖሩንና አለመኖሩን ሲመረምር በወንጀል ችሎት ነጻ መለቀቁ አያስገድደውም።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ፣ የሚጠየቀው ማነው? የሚለው ነው። ሹፌሩ ነው ወይስ ባለቤቱ? በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አያመልጥም። የሚድነው አደጋው በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ያስረዳ እንደሆነ ነው። ስለዚህ «እኔ አልነዳሁም፤ ረዳቱ ያለ ፈቃዴ አስነሥቶት ነው» የሚል መልስ በሌላው ባለንብረት ላይ አይሠራም። ባለቤቱ ከከፈለ በኋላ ጥፋት ያደረገውን ሹፌር መልሶ የሚጠይቅበት መንገድ አለ፤ ይህ ግን የሁለቱ ጉዳይ ነው።

በዚህ አጋጣሚ መኪና ለሚሸጡና ለሚገዙ ሁሉ አንድ ቃል እናስታውሳለን። ብዙ ሰው መኪናውን ሸጦ ሊብሬው ግን በስሙ እንዳለ በውክልና ብቻ ያስረክባል። መኪናው ከዓመት በኋላ ቢጋጭ ተጎጂው ሊብሬውን ተመልክቶ የሚከሰው ሻጩን ነው። ሻጩም ሸጬዋለሁ እያለ ሲሟገት ጊዜውንና ገንዘቡን ያጠፋል። የስም ማዛወሪያውን ወጪ የሸሸ ሰው ካሣ የሚያህል ጣጣ በደጁ እንዳስቀመጠ ይወቅ።

የጉዳቱም ልክ እንደዚሁ መረጋገጥ አለበት። በቁጥር 2091 እንደተጻፈው ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር የተካከለ ነው፤ አይበልጥም፤ አያንስም። ስለዚህ ከአንድ ጋራዥ ብቻ ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ጋራዦች የዋጋ ማቅረቢያ መቀበል፣ በወረቀቱም ላይ የላሜራው ሥራ፣ ቀለሙ፣ መለዋወጫውና የእጅ ዋጋው በየክፍሉ እንዲጻፍ ማድረግ ብልኅነት ነው። መለዋወጫው ከሩቅ ከተማ ሲመጣ የማመላለሻው ደረሰኝም ይያዝ። በሌላ በኩል ከግጭቱ በፊት ያረጀ ጎማ፣ ቀድሞ የተላጠ ቀለም በዚሁ አጋጣሚ ላድስ ብሎ በሒሳቡ ውስጥ የሚያስገባ ሰው የእውነተኛውን ጥያቄ ተአማኒነት ያበላሻል። ባጃጇ በቆመችባቸው ቀናት የቀረውን ገቢ የሚጠይቅ ሰውም የዕለት ገቢውን የሚያሳይ መዝገብ ቢኖረው ይጠቅመዋል። የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ በማይቻልበት ጊዜ፣ ዳኛው የነገሩን ተፈጥሮና ተጎጂው ጉዳቱ እንዳይበዛ ያደረገውን ጥረት ተመልክቶ በርትዕ እንዲወስን ቁጥር 2102 ሥልጣን ይሰጠዋል። ስለዚህ የተሰበረችውን ባጃጅ ክረምቱን ሙሉ በዝናብ አቁሞ ማዛግና የዝገቱን ዋጋ ከሌላው መጠበቅ አይገባም።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህን ሁሉ ስንናገር ሰውን ሁሉ ወደ ሙግት መገፋፋታችን አይደለም። በወሎ ምድር ሸኹና ቄሱ ባንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተጣላን ማስታረቃቸው የቈየ የአገር ሀብት ነው። በጥገና ዋጋ ምክንያት የተነሣ ጠብም በሽማግሌ ቢያልቅ ወጪውን ያሳንሳል፤ ቂሙን ያርቃል፤ በአንድ መንገድ ለሚመላለሱ ሰዎችም ወዳጅነት ያተርፋል። ሕጉም ይህን አይነቅፍም። ይልቁንም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3307 ጀምሮ፣ ተከራካሪዎች አንዱ ለሌላው በመተው ክርክራቸውን በስምምነት እንዲጨርሱ ይፈቅዳል። በቁጥር 3312 እንደተነገረውም እንዲህ ያለው ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ የጸና ነው።

እንደ ፍርድ የሚጸና ነገር ግን እንደ ፍርድ ተጠንቅቀው ሊጽፉት ይገባል። በቃል «ይሁን» ተባብሎ በቡና ላይ የተበተነ ዕርቅ፣ ከሦስት ወር በኋላ «መቼ ብዬህ» ያስከትላል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን፤ የሁለቱ ባለንብረቶች ስም፣ የመኪናዎቹ ታርጋ፣ አደጋው የደረሰበት ቀንና ቦታ፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሚከፈልበት ቀን ተለይቶ ይጻፍ። ገንዘቡ በየወሩ የሚከፈል ከሆነ ዋስ ይጠራ። ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ። ከዚህም ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ መካኒክ ሳያየው መስማማት አይገባም። ከላይ ሲያዩት ፓራውልት ብቻ የተነካ የሚመስል መኪና፣ ወደ ውስጥ ሲመረምሩት ራዲያተሩ ተሰንጥቆ ወይም ሻሲው ተጣሞ ሊገኝ ይችላል። የዕርቁ ወረቀት ላይ «ከእንግዲህ አንጠያየቅም» ብሎ የፈረመ ሰው ኋላ ለተገኘው ስብራት መጠየቂያ ያጣል። ሁለተኛም ሽማግሌዎቹ የእኩሌታውን ስሌት አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው፤ ዕርቅ የሚያምረው እያንዳንዱ የሚተወውን ነገር አውቆ ሲተው ነውና።

ዕርቁ ያልሆነ እንደሆነ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ጠላት ባላጋራው ሳይሆን ጊዜው ነው። በቁጥር 2143 መሠረት ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ አለበት። ድርጊቱ ከዚህ የረዘመ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ የጊዜው ገደብ ይረዝማል። «ዛሬ ነገ እከፍልሃለሁ፤ ጤፉ ይሸጥ፤ ልጁ ይመረቅ» እያለ የሚያቈይ ባላጋራ ሁለቱን ዓመት ካሳለፈ በኋላ «ይርጋ» የሚል መከላከያ ያቀርብ ይሆናል። ስለዚህ የሽምግልናው ተስፋ እንዳለ ሆኖ ቀኑን መቊጠር ያስፈልጋል።

ክሱ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ለሚገኘው ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል፤ የትኛው ደረጃ ችሎት እንደሚያየው በገንዘቡ መጠን ስለሚወሰን የመዝገብ ቤቱን ሹም መጠየቅ ይበጃል። ከክሱ ጋር የፖሊስ ፕላን፣ የፎቶግራፉ፣ የዋጋ ማቅረቢያውና የደረሰኙ ግልባጭ፣ የምስክሮችም ዝርዝር አብሮ ይቀርባል። ተከሳሹ ፍርዱን ለማሰናከል ንብረቱን ለመሸጥ ወይም ለማሸሽ የተዘጋጀ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው፣ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 151 መሠረት ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲከበር መጠየቅ ይችላል። የተፈረደለት ሰው ሁሉ ግን ገንዘቡን በማግሥቱ ይቀበላል ማለት አይደለም። ባላጋራው ከዚያች ከተጋጨችው መኪና በቀር ሌላ ሀብት የሌለው እንደሆነ ፍርዱ በወረቀት ላይ የሚሰነብትበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመክሰስ በፊት የሙግቱን ወጪ፣ የሚጠፋውን የሥራ ቀንና የባላጋራውን አቅም አመዛዝኖ፣ በስምምነት ትንሽ ዝቅ ያለ ገንዘብ በእጅ መቀበል የሚሻልበትን ጊዜ መለየት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ ድካም ስለሚያስቀረው ነገር ጥቂት እንበል። የሠለጠነው ዓለም የመኪና ባለቤትን ሁሉ መድን እንዲገባ ያስገደደው ጉዳቱን ከአንድ ሰው ጫንቃ አውርዶ ለብዙዎች ለማካፈል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንግሊዝ በ1930፣ ፈረንሳይም በ1958 ይህን በሕግ ደንግገዋል። በአገራችን በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም እርሱን የተካው የ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መኪና በመንገድ ላይ መንዳትን ከለከሉ። ይህ መድን ባለቤቱ በሌላው ሰው አካልና ንብረት ላይ ያደረሰውን ጉዳት በተወሰነ መጠን ይሸፍናል። መድን በሌለው ወይም ባልታወቀ መኪና ለተጎዳ ሰውም የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፈንዱ የሚደርሰው ለሰው ሕይወትና አካል ነው እንጂ ለተሰበረ ፓራውልትና ለተጣመመ መሪ አይደለም። መድን የሌለው ሰው ባጃጅህን ቢሰብራት ደጁን የምትመታው የዚያኑ ሰው ነው።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው ለሌላው ሰው ነው፤ የራስን መኪና አያሠራም። ጥፋቱ የራስ ሲሆን የራስን መኪና የሚያሠራው አጠቃላይ መድን የሚባለው ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ስለዚህ ከደመወዙ ቆጥቦ መኪና የሚገዛ የመንግሥት ሠራተኛ የመኪናውን ዋጋ ሲያስብ የመድኑን ዋጋ ከመጀመሪያው አንሥቶ አብሮ ያስብ። ገንዘቡን ሁሉ ለመግዣ አሟጦ ለመድን ያልተረፈው ሰው መኪናውን ገና ገዝቶ አልጨረሰም ማለት ይቻላል።

በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፤ መድን የሌላቸው ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ የሚነሣው ከእኩሌታ ነው፤ እኩሌታውም የጠቅላላው ጉዳት እኩሌታ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚፈልግ፣ ወይም ይህን ያህል አልከፍልም የሚል ሰው የሌላውን ነጂ ጥፋት ያስረዳ። ማስረጃው በመጀመሪያው ሰዓት ይሰበሰብ፤ ዕርቁ በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለቱ ዓመትም አይለፍ። ይህን የሚያውቅ ባለ ባጃጅ በከላላ ኩርባ ላይም ሆነ በአዲስ አበባ አደባባይ በጩኸት አይሸነፍም፤ እርሱም ሌላውን በጩኸት ለማሸነፍ አይነሣም። ሕግ የሚጠቅመው የሚያውቀውን ሰው ነውና የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ።